የሙርዳ አርባ አንድ ስሞች

ከሰንደራ መንግሥት ሰባት ግዛቶች በስፋት ሙርዳን የሚያህል የለም፤ ሰዎቿ ቢቆጠሩ ግን ለአንድ የደጋ ሠርግ እድምተኛ አይሆኑም። ፈጣን ግመል ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ አርባ ቀን ይፈጅበታል። በሰሜን ጥቁር ድንጋይ፣ በደቡብ ቀይ አሸዋ፣ በምሥራቅ ደግሞ ነጭ ባሕር የሚሉት የጨው ሜዳ አለ። ባሕር ሲባል ዓሣ የሚወጣበት እንዳይመስላችሁ፤ ውሃው ካለቀ ሺህ ዘመኑ ነው፤ የቀረው ጨው ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ምድር ጢስ የሚታይባት መንደር አንዲት ናት፤ እሷም በእናት ጉድጓድ ዙሪያ የተተከሉት የሰሌን ጎጆዎች ናቸው። ወንዶቹ ጨዉን በመጥረቢያ እየፈለጡ አሞሌ ያወጣሉ፤ ቅፍለቱ አሞሌውን ጭኖ ደጋ ይወጣል፤ እህል ጭኖ ይመለሳል። ሴቶቹ ከእሾህ ዛፍ ሙጫ ይለቅማሉ፤ ቆዳ አልፍተው የውሃ መያዣ ይሰፋሉ። ከዚህ ሌላ ሥራ የለም፤ ከዚህ ሌላ ሀብትም የለም። «የሙርዳ ሰው የሚሸጠው ላቡን ነው፤ ደግነቱ ላቡም ጨው ነው» እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ።

እንዲህ ባለ ምድር ሰው እንዴት ኖረ ብትሉ፣ በስም ኖረ። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ስም ጠሪዋ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ትወጣና የሙርዳን ሰው ሁሉ ከነአባቱ አንድ በአንድ ትጠራለች። ስሙ የተጠራ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ያን ቀን ውሃ ጥም አይገድለውም። ነጭ ባሕር መካከል ጠፍቶ ቢሆን እንኳ አንድ ዋንጫ ውሃ ከየት መጣ ሳይባል ጉሮሮው ይደርሳል። የቀድሞ አባቶች ከጉድጓዱ ጋር የተማማሉት ይህን ነው። በድንጋዩ ላይም እንዲህ ተቀርጿል፦ «ሕያውን ጥራ፣ ይጠጣል። ሙትን ብትጠራ፣ ሌላ ይጠጣል።»

ሞትም የራሱ ሥርዓት አለው። በሙርዳ ሰው ሞተ የሚባለው እርኮቱ፣ ያ ከፍየል ቆዳ የተሰፋው የውሃ መያዣው፣ በመርዶ ሲመጣ ነው። እርኮቱ በጉድጓዱ ዙሪያ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል፤ ስሙ ከዚያ ንጋት ጀምሮ ይዘለላል፤ ልጆቹም በአባታቸው መጠራታቸው ቀርቶ በእናታቸው ስም ይጠራሉ። እርኮት ካልመጣ ሞት የለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አርባ አንድ ሰው የያዘ ቅፍለት ነጭ ባሕር ገብቶ ሲቀር እርኮት ያመጣ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከነጭ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስም አቋርጦ አያውቅም።

ቅፍለቱን የመራው ጋሮን የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ወርሳት የሙርዳ ስም ጠሪ ናት። ልጃቸው ነዲማ አባቷ ሲሄድ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየንጋቱ፣ ከስሙ ሁሉ መጨረሻ፣ እናቷ «ጋሮን ዲማሶ» ስትል ነዲማ ጎጆ ውስጥ ተኝታ ትሰማለች። ወርሳት የሌላውን ስም ሁሉ እኩል ትጠራለች፤ እዚያ ስም ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ሰው እዚያው ጎጆ ውስጥ ያለን ሰው ሲጠራ እንደሚያደርገው።

ሄዶ የሚያይ ወንድ ጠፍቶ አይደለም። የሄደ መርዶ ይዞ ይመጣል፤ ያልሄደ ግን «ነገ ይመጣሉ» እያለ ማደር ይችላል። የሙርዳ ሰው ስሕተት ይኼ ነበር። ፍረዱባቸው አልልም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ከንጉሡ ከተማ ከአርቃዴስ ኤላፍ የሚባል ወጣት ጸሐፊ መጣ። ንጉሡ የግዛቶቹን ምድር፣ ሰውና ሀብት የሚናገር መጽሐፍ ይጻፍ ብሎ ነበርና፣ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ወንዝና ወይን ያለበትን ሲሻሙ ሙርዳ ለእሱ ተረፈች። ሰባት ወር ሙሉ ግመሉን፣ ድንጋዩን፣ የነፋሱን መምጫ ሳይቀር ሲጽፍ ከረመ። አባ ዱርሳ የሚባሉ አንድ እግራቸው የሚያነክስ የጨው ፈላጭ ሽማግሌ፣ «አንተ ጸሐፊ፣ ዝንቡንስ ለማን ተውከው?» እያሉ ያሾፉበታል። በመጨረሻ ሰዉን ሲቆጥር ግን ኤላፍ ግራ ገባው። በንጋት የሚጠራው ስም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። በዓይኑ የሚያየው ሰው ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነው።

«አርባ አንድ ሰው ጎደለኝ» አለ በየዋህነት። «የት ነው ያሉት?»

በየጎጆው ደጃፍ ቆዳ ሲያሹ የነበሩት ሴቶች እጃቸው ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሙርዳ ያንን ቁጥር በአፉ ያወጣ ሰው አልነበረም።

የጥፋቱ ምልክት የታየው በሳምንቱ ነው። ወርሳት ጠርታ ጨረሰች፤ የመጀመሪያው ባልዲ ወጣ፤ ውሃው ነጭ ነው። ቀመሱት፤ ጨው ነው። ነዲማ ሕፃን ሳለች አሥራ ሁለት ክንድ ገመድ ይበቃት የነበረች ጉድጓድ ያን ቀን ስልሳ ክንድ ዋጠች። በአምስተኛው ቀን ሳሊት የምትባለው ጎረቤታቸው የወለደቻቸው፣ ገና ስም ያልወጣላቸው መንታ ሕፃናት በዚያ ውሃ ሞቱ። ለሕፃን እርኮት አይሰፋም። እናታቸው የምትሰቅለው ነገር እንኳ አጥታ ባዶ እጇን እያየች ተቀመጠች።

ያን ዕለት ሕዝቡ በጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰበ። አባ ዱርሳ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«የሙርዳ ሰዎች፣ ስሙኝ። ድንጋዩ ላይ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እያነበብን እንዳላነበብን ሆነን ኖርን። ሙት እየጠራን ነው፤ ሌላ እየጠጣ ነው። ከጥፋተኞቹ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ልጄ ኢርባስ ከአርባ አንዱ አንዱ ነው። ያን ዓመት እኔ ታምሜ ቀረሁ፤ እሱ በእኔ ፈንታ ሄደ። በየንጋቱ ስሙ ሲጠራ፣ 'እንግዲህ አለ ማለት ነው' ብዬ ቁርሴን እበላለሁ። ዛሬ ግን ሕፃን ቀበርን። ያለ እርኮት ስም አይዘለልም፤ የአባቶቻችን ሕግ ነው። ስለዚህ ነጭ ባሕር የሚገባ አንድ ሰው እንፈልጋለን።»

ማንም አልተነሣም። ነዲማ እናቷን አየቻት። ወርሳት መሬት መሬቱን እያየች ነበር፤ ስትፈራ ነዲማ አይታት አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈርታ ነበር። ነዲማ ተነሥታ ቀኝ እጇን በድንጋዩ ላይ አኖረች።

«እኔ እሄዳለሁ። በእናት ጉድጓድ እምላለሁ፤ አርባ አንዱን ሰዎች ወይም አርባ አንዱን እርኮቶች ሳልይዝ አልመለስም። ቃሌን ባጥፍ ስሜ ከዚህ ድንጋይ ላይ አይጠራ።»

አባ ዱርሳ መንገዱን ሊመሩ ተነሡ። ኤላፍም መጽሐፉን በጀርባው አዝሎ መጣ፤ ከሙርዳ ምድር ያልጻፈው ነጭ ባሕርን ብቻ ነበር። ግመሉ ተጭኖ ሲያልቅ ወርሳት ያልተፈታውን የልጇን መቀነት ፈትታ መልሳ አጠበቀችላት።

«አባትሽ በግራ እጁ መዳፍ ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ አለው» አለቻት።

«እማዬ፣ አባቴን ይጠፋኛል ብለሽ ነው?»

«ትንሽ ነበርሽ።» የመቀነቱን ጫፍ እያስገባች፣ «ካለ ይዘሽልኝ ነይ። ከሌለም…» አለች።

ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። ሦስት ቀን ጥቁር ድንጋይ፤ ግመሎቹ እግራቸው ደማ። ሁለት ቀን እሾህ ዛፍ፤ እሱም እየሳሳ ሄዶ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰማዩም ምድሩም ነጭ ሆነ። አባ ዱርሳ ከፊት ሆነው በምርኩዛቸው መሬቱን ይመታሉ። የጨዉ ቅርፊት ወፍራም ከሆነ እንደ ግንድ «ዱም» ይላል፤ ስስ ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሥሩ ሰው የሚውጥ የጨው ጭቃ ነው። በሰባተኛው ቀን አንዱ ግመል አንድ እርምጃ ከመስመር ወጣ። አንገቱን ዘርግቶ ሲጮህ ገመዱን ጎተቱ፤ አልሆነም። ከአንድ ትንፋሽ በኋላ የነበረበት ቦታ ተመልሶ ነጭ ሆነ። ነዲማ አለቀሰች፤ ግመሉ ከአባቷ መንጋ የተወለደ ነበር።

«ሰባ ሁለት ግመል ብዬ ጽፌ ነበር» አለ ኤላፍ ቀስ ብሎ።

«አንዱን ፋቀው» አሉ አባ ዱርሳ። ያን ጊዜ ግን ሲያሾፉ አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሰዎች ከሩቅ ታዩአቸው። ነዲማ ግመሏን ለቅቃ ሮጠች። ሰዎቹ ጨው ሆነዋል። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጭ ነው፤ አፋቸው ወደ ሰማይ ተከፍቷል፤ በእያንዳንዱ ጭን ላይ እንደ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ እርኮት አለ። ከመካከላቸው ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ጠርዙ እርጥብ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠብባል፣ ቀስ እያለ ይሰፋል። የሙርዳ ሽማግሌዎች ምጋን የሚሉት አውሬ ይኼ ነው፤ ሲተነፍስ ነፋስ ይነሣል። ዓይን የለውም፣ ጥርስ የለውም፤ ሰውነቱ ከጨዉ ሥር ምን ያህል እንደተዘረጋ የሚያውቅ የለም። አፍ ብቻ ነው።

አርባ አንደኛው ሰው እጁ ይንቀሳቀስ ነበር። ጭኑ ላይ ያለውን እርኮት ያሻል፤ ወደ ፊት ያሻል፣ ወደ ኋላ ያሻል፣ ሥራ እንደያዘ ሰው። በግራ መዳፉ ላይ ጠባሳ አለ።

«ማነው?» አለ፤ ዓይኑን ጨዉ አፍዝዞት ነበር።

«ነዲማ ነኝ» አለችው። «ነዲማ ጋሮን።»

ጋሮን እጁን ዘርግቶ ፊቷን ዳሰሰ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ጨው ነበር፤ ከሜዳው የት ላይ እንደሚለይ አይታወቅም። ነዲማ ስታለቅስ እንባዋ ጉልበቱ ላይ ሲወድቅ ጨዉ ጎደጎደ፤ ያን ጊዜ ደንግጣ ፊቷን አዞረች።

አባ ዱርሳ ልጃቸውን ኢርባስን ከክቡ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ አገኙት። ምርኩዛቸውን አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ከፊቱ ላይ ጨዉን ይጠርጉ ጀመር።

ጋሮን የሆነውን ነገራቸው። ማዕበል መንገዱን ደመሰሰው፤ ግመሎቹ ሰመጡ፤ እነሱም ለማረፍ ተቀመጡ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ከእግሩ ጀምሮ ጨው ይይዘዋል። ረኃብ አይሰማውም፤ ተነሥቶ መሄድ ግን አይችልም። ጨዉ ልብ ሲደርስ ሰውየው ይሞታል። «በየንጋቱ ግን ስማችን ይመጣል። የሞቱትም አፍ ውስጥ ውሃው ይወርዳል፤ የሚውጠው ስለሌለ እየፈሰሰ እዚያ ይገባል» ብሎ ወደ ጥቁሩ አፍ አመለከተ። «አርባ ዋንጫ በየቀኑ። ሲጠጣ አደገ። ሲያድግ ከዚህ ሥር ለሥር ሄዶ ጉድጓዳችን ደረሰ። አሁን ከወዲያም ከወዲህም ይጠጣል።»

«አንተስ እንዴት ተረፍክ?» አለው ኤላፍ።

«እኔ እንጃ» አለ ጋሮን። « ሚስቴ ስሜን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠራው። ከዚያ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።»

ነዲማ መጥረቢያ ከጭነቱ አወጣች። «ፈልጠን እናወጣሃለን። ወገብህን በገመድ አስረን…»

«ልጄ፣ ሞክሬዋለሁ» አለ ጋሮን። «ጨዉ ሲሰበር እኔም እሰበራለሁ። ቁጭ በይና ስሚኝ። ለአርባው መርዶ ብትናገሪና የእኔ ስም ብቻ ቢቀር፣ ይኼ አውሬ በእኔ በኩል ይጠጣል። ከምውጠውም በጨው እግሬ በኩል ወደ እሱ ይሰርጋል። አንድ ስም ካለው ይኖራል። ነዲማ፣ ስሜን አስዘልይልኝ።»

«እናቴ ይዘሽልኝ ነይ ብላኛለች!»

«እርኮቴን ይዘሽላት ሂጂ።»

«በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ? ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«ሞተ ብለሽ። አለ ካልሻት አትዘለኝም፤ አውቃታለሁ። መንደሩ ቢያልቅም አትዘለኝም። ማዪልኝ።»

ነዲማ አልማለችም። ተነሥታ ራቅ አለች፤ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ራቅ አለች። የሳሊትን ባዶ እጅ አሰበች። የእናቷን ዝቅ ያለ ድምፅ አሰበች። ሁለቱንም የምታድንበት መንገድ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መጥታ በአባቷ ጠባሳ ላይ እጇን አድርጋ ማለች። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የጠላችው ያንን መሐላ ነው።

ጋሮን እንደነገራቸው፣ እርኮት የተነሣ እንደሆነ ምጋን ይነቃል። የማይሰማው ሲጠጣ ብቻ ነው፤ የሚጠጣውም የአርባ አንዱ ስም እስኪያልቅ ነው። የስሞቹን ቅደም ተከተል ጽፎ የያዘ ኤላፍ ነበርና፣ ሊነጋጋ ሲል መጽሐፉን ከፍቶ ቆመ። ነዲማ ከክቡ ጫፍ ተንበርክካ ጠበቀች።

ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ። ከዘጠኝ ቀን መንገድ፣ ከጨዉ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ። የመጀመሪያው ሰው ደረቅ አፍ በውሃ ሞላ፤ ውሃው በአገጩ ወርዶ ወደ ጥቁሩ አፍ ፈሰሰ።

«አርባ ቀረ» አለ ኤላፍ። «ሠላሳ ዘጠኝ። ቶሎ በይ፣ ሠላሳ ስምንት።»

ነዲማ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች ደረቅ እርኮቶቹን ወደ ከረጢቷ ታገባለች፤ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ እንደ ሸክላ ይንቋቋሉ። ጣቷ ተቆረጠ፤ አላየችውም። ከኢርባስ ስትደርስ አባ ዱርሳ እርኮቱን ራሳቸው አንሥተው ስመው ሰጧት። ሃያ ቀረ። አሥር ቀረ። ሁለት ቀረ። ከዚያ ያ ድምፅ ዝቅ አለ፦ «ጋሮን ዲማሶ።» አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየችው። እርኮቱን በገዛ እጁ አቀበላት፤ ቆዳው እንደ ጆሮ ለስላሳ ነበር።

«ሩጪ» አላት።

«አባ ዱርሳ፣ ይነሡ!» አለች ነዲማ።

አባ ዱርሳ ከኢርባስና ከጋሮን መካከል ተደላድለው ተቀምጠው ነበር። «እኔ እዚሁ ነኝ፣ ልጄ። ሰው ዓይኑን የሚከድንለት ሳይኖር አይሞትም። የእኔንም ስም ዝለሉት፤ ከዛሬ ጀምሮ ጨው ይይዘኛልና ለአውሬው መንገድ አልሆንም። አንተም ጸሐፊ፣ አንድ ፋቅ።»

ከሥራቸው ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ሮጡ። ቅርፊቱ ከኋላቸው እየተሰነጠቀ መጣ፤ ግመሎቹ ከታሰሩበት ሃምሳ እርምጃ ሲቀር ኤላፍ እስከ ብብቱ ገባ። ነዲማ ልትጎትተው ስትጠጋ የእሷም እግር ሰመጠ። ኤላፍ መጽሐፉን ከጀርባው ፈታ፤ የሰባት ወር ሥራ፣ በሁለት የእንጨት ገበታ የተጠረዘ። ጭቃው ላይ ዘረጋው፤ በእሱ ላይ ተኝቶ ወጣ። ዘወር ሲሉ የሙርዳ ምድር፣ ሰውና ሀብት በጨዉ ውስጥ ገብቶ አልቋል።

«አስታውሰዋለሁ» አለ ኤላፍ እያለከለከ። «እያንዳንዱን።»

በመመለሻው ዘጠኝ ቀን ነዲማ በየንጋቱ ጉሮሮዋ ሲርስ፣ «አሁን እሱም እየጠጣ ነው» ትላለች በልቧ። ቀኖቹን ልታረዝማቸው ግመሏን ቀስ ብታደርግ ደስ ባላት፤ ነገር ግን ቀስ አላደረገችም።

መርዶ በንጋት ነው። ወርሳት ወደ ድንጋዩ ልትወጣ ስትል ሁለት ግመል ከምሥራቅ ሲመጣ ታየ፤ ሦስት ሰው ሄዶ ሁለት ሰው ሲመለስም ታየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ነዲማ ከረጢቱን በጉድጓዱ አፍ ዘረገፈችና እንደ ሥርዓቱ ቆመች።

«የሙርዳ ሰዎች፣ እርማችሁን አውጡ። አርባ አንዱም ነጭ ባሕር ቀርተዋል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርኮታቸውን ይዣለሁ። ለኢርባስ አባትም አታልቅሱ፤ ከልጃቸው ጋር ሊሆኑ ራሳቸው ቀሩ፤ ስማቸው አይጠራ ብለዋል።»

አሥራ አንድ ዓመት የታፈነ ልቅሶ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በስፌቱ እየለየ እርኮቱን አነሣ። የሰፉት እነዚያው ሴቶች ናቸውና የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። የሁሉም ደረቅ ነበር፤ ሲጨብጡት እየተፈረፈረ በእጃቸው ቀረ።

ወርሳት የጋሮንን አነሣች። ጨበጠችው፤ ተጣጠፈላት። በበረሃ ቆዳ አንድ ወር በእጅ ካልታሸ ይሰነጠቃል፤ ይህን የማታውቅ የሙርዳ ሴት የለችም። ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ዓይኑን ማን ከደነው?» አለች።

ነዲማ መዋሸት ፈለገች፤ አፏ አልታዘዘላትም። «አባ ዱርሳ አጠገቡ ናቸው» አለች።

ወርሳት እርኮቱን እያሸች ቆየች፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጋ ከሌሎቹ ጎን ሰቀለችው፤ ድንጋዩ ላይም ወጣች።

ስሞቹን እንደ ወትሮው ጠራች። ትናንት በአባታቸው የተጠሩ ልጆች በእናታቸው ስም ሲጠሩ ልቅሶው በየቦታው ይነሣል፤ እሷ ግን አላቋረጠችም። የነዲማ ተራ ደረሰ።

«ነዲማ ወርሳት።»

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። አፏን ከፈተች፤ ነዲማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከድንጋዩ ወረደች።

ባልዲው ተጣለ። ገመዱ ሠላሳ ክንድ ሳይወርድ ውሃ ነካ፤ የወጣውም ጣፋጭ ነበር። ሰዉ እያለቀሰ ጠጣ። ሳሊት አንድ ዋንጫ ይዛ ሳትጠጣ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ግማሹን በሁለቱ ትንንሽ መቃብሮች ላይ አፈሰሰችው።

ነዲማ ለእናቷ ቀድታ ወደ ጎጆው ወሰደችላት። ወርሳት ዋንጫውን ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እሱ ነው የለመነሽ?»

«እሱ ነው፣ እማዬ። አስምሎኛል።»

«አውቃለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም።» እጇን በልጇ ፀጉር ላይ አደረገች። «ስሙ ካልተጠራ ስንት ቀን ይቆያል?»

ነዲማ ልትመልስላት አልፈለገችም። «ሦስት» አለች።

ወርሳት ያን ቀን አልጠጣችም። በማግስቱም ሙርዳን ሁሉ ስም እየጠራች አጠጣች፤ የራሷን ስም ግን ዘለለች፤ እሷ አልጠጣችም። ነዲማ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ እግሯ ላይ ብትወድቅ አልሆነም። በሦስተኛው ንጋት ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ስሞቹ እየተቆራረጡ ወጡ። ኤላፍ ከጎጆው ደጃፍ አዲስ ብራና ዘርግቶ፣ «የሙርዳ ሰው፣ ሁለት መቶ ሰባ» ብሎ ጽፎ፣ የሚቀጥለውን ሳይጽፍ ብዕሩን ይዞ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከነጭ ባሕር ሳያቋርጥ ሲነፍስ የኖረው ነፋስ ቆመ። በየጎጆው የሰሌኑ መንኮሻኮሽ ጸጥ አለ። ሰዉ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ አየ። አውሬው እንደሞተ ሁሉም ገባው፤ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ።

ወርሳት ከጎጆው አልወጣችም። ጆሮዋን ሰጥታ ጸጥታውን ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ ልጇ ዘወር አለች።

«አሁን ስጪኝ» አለቻት፤ ነዲማም ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀበለቻት።